ሦስት ክንድ የካሴት ክር

ልጃችን ከባሕር ዳር ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም። አንዴ ብርድ ልብስ፣ አንዴ የስኳር መለኪያ፣ አንዴ ደግሞ ማንም ያልጠየቀውን የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ይዞ ከች ይላል። ባለፈው ጥር ያመጣው ግን ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ፍላሽ ነበር። ውስጡ ምን እንዳለ ሲነግረን አባቱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ እኔም ድንች የምልጥበትን ቢላዋ አስቀመጥኩ።

ያለው ዘፈን ነው። በእኛ ወጣትነት ጊዜ አገር ያሳበደ አንድ የአዲስ አበባ ባንድ ነበር። ጎፈሬያቸውን የነፉ አምስት ልጆች፣ ኤሌክትሪክ ጊታሩን እያስጮኹ፣ ከበሮውን እየደበደቡ ይዘፍኑ ነበር። ሮክ ነው ይሉታል፤ እኛ ስሙን ሳናውቅ ወደድነው። ዛሬ ሽማግሎች ሆነዋል፣ ከአምስቱም ሁለቱ አርፈዋል። የቀሩት ሦስቱ ተሰባስበው፣ ከመጀመሪያው ካሴታቸው አንስቶ እስካሁን ከሠሩት ሁሉ መርጠው፣ የድሮውን ቅጂ በስቱዲዮ አስጠርተው በአንድ ስብስብ አወጡት። ልጄ ያመጣልን ደስ ይበላቸው ብሎ ነው። አባቱ ከዚያ ባንድ ሥራ አንዱን ዘፈን ከሠላሳ ዓመት በላይ እንደሸሸው፣ ሰርግ ቤት ሲዘፈን እንኳ ተነስቶ እንደሚወጣ ልጄ ያውቃል። ዳንግላ ካለ ከአንድ የድሮ ወዳጁ ጋር በዚያ ዘፈን እንደተጣላም ያውቃል። የጠቡን እውነተኛ ምክንያት ግን ከእኔ በቀር በሕይወት ያለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ያ ወዳጁ የሰርጋችን አንደኛ ሚዜ ነው። እሱና ባለቤቴ አንድ ሰፈር አድገው፣ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የተማሩት። ሁለቱም አፋቸውን የፈቱት በአገውኛ ነው። እኔ ግን የቡሬ ልጅ ነኝ፤ ከአማርኛ ሌላ አላውቅም። እኔን ማማት ሲፈልጉ በአገውኛ ያወራሉ፣ አየት ያደርጉኛል፣ ይስቃሉ። እናደድና ተርጉሙልኝ እላለሁ። የተረጎሙልኝ ሁሉ ውሸት እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

በካሴት ዘመን ሁለቱም ሙዚቃ ቤት ነበራቸው፤ ሚዜው ዳንግላ፣ ባለቤቴ እዚህ ቆሰበር። እንጅባራ የሚሉት ይበሉ፣ እኔ አሁንም ቆሰበር ነው የምለው። ሙዚቃ ቤት ማለት ሁለት ቴፕ፣ አንድ የእንጨት መደርደሪያና ደጅ ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ነው። ሥራው መቅዳት ነበር። ከግምጃ ቤት ከተማ በጋሪ፣ ከጥርባ በፈረስ የመጣ ሰው ባዶ ካሴት አቀብሎ ገበያውን ይገበያያል፣ ሲመለስ ተቀድቶ ይጠብቀዋል። አዲስ ካሴት ሲወጣ ሚዜው ከባሕር ዳር የሚያመጣለት ሰው ስለነበረው ቀድሞ ያገኛል። ሁለት ቀን ሰምቶ፣ ለደንበኞቹ ቀድቶ፣ ዋናውን ካሴት በጋዜጣ ጠቅልሎ በአውቶቡስ ረዳት ይልክልናል። ባለቤቴም ቀድቶ በዚያው መንገድ ይመልሳል። አንድም ቀን ወረቀት ተጽፎ አያውቅም፤ እምነቱ ይበቃቸው ነበር።

ያ ባንድ የመጀመሪያ ካሴቱን ያወጣ ጊዜ እኔ ገና የዓመት ሙሽራ፣ ሆዴም የገፋ ነበርኩ። ካሴቱ የደረሰን ክረምት ላይ ነው። ባለቤቴ ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ ነበር። የቤታችን ሕግ የታወቀ ነው፤ የሰው ዋና ካሴት በቤቱ ቴፕ አይከፈትም፣ ቴፑ አርጅቶ ክር ይበላልና። ታዲያ አትክፈቺ እንደተባለ ካሴት የሚጣፍጥ ምን አለ? ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ እኔ ልብስ አጥፋለሁ፣ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ጊታሩ ብቻውን መጫወት ጀመረ። ወዲያው ድምፁ እንደ ሰካራም ሰው ተጎተተና ቆመ። ስከፍተው ክሩ በቴፑ መዘውር ላይ ተጠምጥሟል። ስጎትተው ተጨማደደ፣ ከዚያም ተበጠሰ።

ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ባለቤቴ ለደንበኛ ሲሠራ መቶ ጊዜ አይቻለሁ። የተጨማደደውን በምላጭ ቆረጥኩት፤ በገዛ ክንዴ ስለካው ሦስት ክንድ ሆነ። ሁለቱን ጫፎች አገናኝቼ በጥፍር ቀለም ለጠፍኩና እስኪደርቅ እፍ አልኩበት። ቁራጩን ምድጃ ውስጥ ጣልኩት፤ ገማ፣ በሩን ከፈትኩ። ስሞክረው ዘፋኙ ይዘፍናል፣ ጊታሩ ሊጀምር ክርር ሲል ዘሎ መጨረሻው አዝማች ላይ ይወድቃል። ካሴት ሁለት ፊት አለውና በጀርባው ያለው ዘፈንም ወገቡ ተቆርጧል፤ ያን ጊዜ እሱ ትዝም አላለኝ። ምን ያመጣል ብዬ በጋዜጣው ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።

ባለቤቴ ሲመለስ ማግስቱ ገበያ ነበር። ሳይሰማው በሁለቱም ቴፕ ቀዳ፣ ሸጠ፣ ዋናውን ለረዳቱ ሰጥቶ ላከ። በዚህ ዓይነት እኔ የቆረጥኩት ዘፈን በከተማው ሁሉ ተበተነ። የሚገርመው አገሩ ለመደው። ሰርግ ላይ ያ ዘፈን ሲከፈት ዝላዩ የሚመጣበትን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ እዚያ ሲደርስ የጨፋሪው ሁሉ ትከሻ አንድ ላይ ወደ ላይ ይነሳል። ኦርጋን ተጫዋቾቻችንም እንደ ካሴቱ እየዘለሉ ይጫወቱታል። ከባሕር ዳር የመጣ ዘመድ ግን የጊታሩን ጨዋታ ሲጠብቅ ብቻውን ቆሞ ይቀራል፣ የኛ ሰዎችም ይህ ሰው እስክስታ አያውቅም ብለው ይስቁበታል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ሆዴ ግን አይስቅም።

ሚዜው ካሴቱ ሲደርሰው ከፍቶ ሰማ፣ ክሩን አውጥቶ አየ፣ መጋጠሚያው ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም አገኘ። አንደኛ ሚዜ ነው፣ ወንድም ማለት ነው፤ ተቆርጦብኛል ብትለኝ ምን ነበረበት ብሎ ላከ። ባለቤቴ ደግሞ ሙሉውን ሰምቶት አያውቅም፤ ሲመጣም እንዲህ ነበር ብሎ ከልቡ አመነ። እኔ የምቀጥልበት ቀለም እንደ ውሃ ነጭ ነው፣ ቀይ አልገዛም አለ። ሚዜውም የኔም ነጭ ነው አለ። ሁለት ብልህ ወንዶች ስለ ቀለም ይህን ያህል ሲከራከሩ፣ ጥፍሯን ቀይ የምትቀባው ማን እንደሆነች ያሰበ አንድም አልነበረም። የሰርጌ ጥፍር ቀለም ጠርሙስ ሣጥኔ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ለምን ያኔ አልተናገርኩም? ባለቤቴ እጁን የሚያነሳ ሰው አይደለም። የፈራሁት ፊቱን ነው። ነገር ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል፤ እኔ ዛሬ ነገ ስል ምጤ ደረሰና ለመጀመሪያ ልጅ እንደ ደንቡ እናቴ ቤት ሄድኩ። እኔ ቡሬ ታርሼ ሳለሁ እዚህ ሽማግሌ ተቀመጠ። ሚዜው ይማልልኝ አለ። ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ ክሩ በእጄ አልተቆረጠም ብሎ ማለ። ሚዜውም ስልከው ሙሉ ነበር ብሎ ማለ። ሽማግሌዎቹ ሁለት መሐላ ይዘው ቀሩ፤ አንዱ የሐሰት መሆን አለበት፣ የትኛው እንደሆነ ግን ሰው አይፈርድም ብለው ነገሩን ለእግዚአብሔር ሰጥተው ተነሱ። ልጄን አቅፌ ስመለስ የሁለቱ ነገር አልቆ ነበር። የልጁ ክርስትና አባት ይሆናል የተባለው ሚዜው ቀርቶ፣ በዕለቱ ለቅዳሴ የመጣ አንድ የማናውቀው ደግ ሰው ልጁን አነሳልን።

በሐሰት ከማለ ሰው ጋር እንጀራ አይቆረስም። ሁለቱም ሌላኛው በሐሰት እንደማለ ያምኑ ነበር፤ ስለዚህ ሠላሳ ዓመት አብረው አልበሉም። አማቴ ያረፉ ጊዜ ሚዜው ከዳንግላ መጥቶ ነበር። ድንኳኑ ዳር ተቀመጠ፣ አለቀሰ፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ሄደ። እኔ በወጥ ቤቱ ቀዳዳ እያየሁት አልወጣሁም። ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ። ለባልሽ ንገሪው አሉኝ፤ እሺ አባ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ጥላቸውን ከሩቅ ሳይ መንገድ እቀይር ነበር። እግዚአብሔር ይፍታቸው፣ እሳቸውም አረፉ።

እንግዲህ ልጄ ፍላሹን ማጫወቻው ላይ ሲሰካ እኔ ይህን ሁሉ ይዤ ነው የተቀመጥኩት። አባቱ ይነሳል ብዬ ስጠብቅ አልተነሳም፤ አርጅቷል፣ ጉልበቱንም ያመዋል፣ ምናልባትም ናፍቆታል።

ልጄ ድሮ የነበራችሁን ዘፈን እንደ አዲስ ለምን ትፈልጉታላችሁ ብሎ አሾፈብን። ያልተነፋ ዱቄትና የተነፋ ዱቄት አንድ ነው ወይ አልኩት። እኛ ያንን ባንድ የሰማነው በቅጂ ቅጂ፣ በሹሹታ መሐል፣ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ ወፍራም እየሆነብን ነው። አሁን ከበሮው ለብቻው፣ ጊታሩ ለብቻው ይሰማል። ባለቤቴ ከሥር የሚሄደውን ወፍራም ጊታር ሰምቶ ይህ ድሮም ነበረ ወይ አለኝ። ነበረ፤ የኛ ቴፕ ነው ያላሰማን። አንዱ ዘፈን ሊጀምር ሲል አንድ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ከሞቱት አንዱ ይሆን ብዬ አዘንኩ። ዘፈኖቹ በየዓመታቸው ስለተደረደሩ የዘፋኙ ድምፅ እየጎለመሰ፣ እየሻከረ ሲሄድ ይሰማሃል። ሁሉንም በአንድ ቁጭታ ስትሰማ የራስህንም ዕድሜ አብረህ ትሰማለህ። እነዚያን ሦስት ሽማግሎች ከልቤ አመሰገንኩ። ሰው ሲያረጅ የድሮ ሥራውን ይሸፍናል እንጂ አጥቦ አደባባይ ማውጣት ለሁሉም አይሆንለትም።

ሦስተኛው ዘፈን ደረሰ። ዘፋኙ ጨረሰና ጊታሩ ክርር አለ። የባለቤቴ ትከሻ ሳያስበው ለዝላዩ ተነሳ። ዝላዩ ግን አልመጣም። ጊታሩ ብቻውን ቀጠለ። ሠላሳ ሰከንድ ቢሆን ነው፤ መጀመሪያ ይለምናል፣ ከዚያ ይቆጣል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይታረቅና ለአዝማቹ ቦታውን ይለቃል። እንዲህ የሚያምር ነገር ነው እንዴ ምድጃ ውስጥ የጨመርኩት? እንባዬ መጣ።

ባለቤቴ ትከሻውን ዝቅ አደረገና ለራሱ እንደሚናገር፣ ይህንን ነው ቆርጦ የላከልኝ አለ። ክፋት አልነበረበትም አነጋገሩ፤ ሐዘን ነበረበት። ያ ነው አፌን ያስከፈተኝ።

“እሱ አይደለም የቆረጠው፤ እኔ ነኝ” አልኩት።

ልጄ ማጫወቻውን አጠፋው። ባለቤቴ በምን ብሎ ጠየቀኝ፤ ሌላ የሚጠይቀው የጠፋው ይመስለኛል። በምላጭ አልኩት፣ የቀጠልኩትም በሰርጌ ጥፍር ቀለም ነው። እጆቼን አያቸው፤ ከድንቹ አፈር በቀር ምንም አልነበረባቸውም። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፣ ዝናቡን፣ ቴፑን፣ እናቴ ቤት መሄዴን። ሲያልቅ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ልጄ ከጎኔ ተቀመጠ፤ ስላልወቀሰኝ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ባለቤቴ ማታ እራት ሲቀርብ በላ፣ ደህና እደሪም አለኝ።

ጠዋት ነጠላውን አጣፍቶ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። “ተነሽ፣ ዳንግላ እንሄዳለን” አለኝ። ሲዘጋ ሲከፈት የከረመው መንገድ በዚያ ሳምንት ክፍት ነው ይባል ነበር። ባጃጅ መናኸሪያ አደረሰን፣ ሚኒባስ ያዝን። እሱ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ። መንገዱን ሙሉ የማየው ማጅራቱን ነበር። ይፈታኛል ብዬ አልሰጋሁም፤ በዚህ ዕድሜ ማን ማንን ይፈታል። የሰጋሁት ሌላ ነው። ሚዜው ስኳር ታሞ እግሩን እንደያዘው ሰምተን ነበር። ደርሰን ይቅር ባይለን፣ ወይም ባንደርስበት፣ የሁለት ሰው ሠላሳ ዓመት በእኔ እጅ ተቃጥሎ ይቀራል። በየቤተ ክርስቲያኑ ስናልፍ አማተብኩ።

ቤቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ደጁ ላይ ጠዋት ፀሐይ እየሞቀ፣ የቀርከሃ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ጸጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ አንድ እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶታል። ባለቤቴን ሲያይ በከዘራው ተደግፎ ሊነሳ ሞከረ።

“አትነሳ” አለው ባለቤቴ። “መጀመሪያ ይህችን ስማት።”

ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አንስቼ ማጅራቴ ላይ ተሸከምኩና ጎንበስ አልኩ። አባቶቻችን ይቅርታ ሲጠይቁ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ እኔ ሴት ሆኜ አድርጌው አላውቅም፣ ሌላ መንገድ ግን አልታየኝም። ለእኩያዬ እንደማወራ አንተ ማለቱ አፌ ላይ አልመጣ አለ።

“ካሴትዎን የቆረጥኩት እኔ ነኝ” አልኩ። “እሱ አያውቅም። ትናንት ነው የነገርኩት። እርስዎም እውነት ነው የማሉት፣ እሱም እውነት ነው የማለው። ዋሾዋ እኔ ነኝ።”

ቀና ብዬ ለማየት አልደፈርኩም፤ የማየው የእግሩን ፋሻና የከዘራውን ጫፍ ነበር። ከዚያ በአገውኛ ባለቤቴን አንድ ነገር ጠየቀው። ባለቤቴም በአገውኛ መለሰለት። እንደገና ጠየቀው፣ እንደገና መለሰለት። ሠላሳ ዓመት ያልሰማሁት የሁለቱ ወሬ ነው፤ ቃሉ ባይገባኝም ስለ እኔ መሆኑ ገባኝ። ባለቤቴ ሲናገር ድምፁ ተሰበረ።

ቀጥሎ ሚዜው እኔ እንዲገባኝ በአማርኛ ተናገረ። ተርጓሚ ሳይኖር፣ ሳይቀልድብኝ።

“ይማልልኝ ያልኩት እኔ ነኝ” አለ። “በሐሰት ማለ ብዬ ሳምን ኃጢአቱ በኔ ሰበብ የገባበት መሰለኝ። የንስሐ አባቴን ጠየቅሁና፣ የሱን እዳ እኔ ልስገድለት ብዬ፣ በየዓቢይ ጾሙ በየቀኑ አርባ አንድ አርባ አንድ ስሰግድለት ኖርኩ። ይህ እግር እምቢ እስኪለኝ ድረስ።”

ባለቤቴ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። ተጣልቶት፣ በሩን ዘግቶበት፣ በየዓመቱ በጉልበቱ ወድቆ ሲለምንለት የኖረ ሰው ፊት ነበር የቆመው። ሚዜው እጁን ዘርግቶ ድንጋዩን ከማጅራቴ ላይ ራሱ አወረደው።

“እንግዲህ እሱ አልበደለም” አለኝ። “ያ ሁሉ ስግደት ባለቤት አጥቷል። አንቺ ውሰጂው፣ ላንቺ ይቆጠርልሽ።”

ጉልበቱን ስሜ ወሰድኩት።